ታማሚና አስታማሚ በድርሰቶቻችን ውስጥ

ኪነ ጥበብ የሕይወት መስተዋት ነው የሚለው አባባል ከመደጋገሙ የተነሣ ስለቱ ደንዝዟል። ሐያሲ ግን አባባሉን ከመድገም አልፎ፣ መስተዋቱ የፊታችንን የትኛውን ክፍል እንደሚያሳይና የትኛውን በጥላ እንደሚያልፍ መጠየቅ ይኖርበታል። በዚህ ጽሑፍ ልናነሣው የምንሻው በጥላ ከታለፉት አንዱን ነው። ይኸውም ከባልና ሚስት አንደኛው ሥር በሰደደ የካንሰር ሕመም ሲያዝ፣ ሁለቱ በአንድ ጣሪያ ሥር ስለ ሕክምናው የሚወስኑት ውሳኔ ነው።

ጉዳዩ የሐኪም እንጂ የደራሲ አይደለም የሚል ይኖር ይሆናል። እውነት ነው፤ አማራጮቹን የሚዘረዝረው ሐኪሙ ነው። ከአማራጮቹ አንዱን መምረጥ፣ የመረጡትንም ተሸክሞ ማደር ግን የሰው ባሕርይ ሥራ ነው። ተውኔትም ሆነ ልብ ወለድ ነፍስ የሚዘራው ሰው ለመምረጥ በተገደደበት ሰዓት እንደሆነ ደግሞ ለዚህ መጽሔት አንባቢ መንገር አያሻም።

አማርኛችን ለዚህ ጉዳይ የሚሆን አንድ ግሩም ቃል አለው። «ታመመ» ከሚለው ግሥ «አስታመመ» የሚለውን አርብቷል። «አስ» የሚለው መነሻ በ«ጻፈ» ላይ ገብቶ «አስጻፈ»፣ በ«ገደለ» ላይ ገብቶ «አስገደለ» ሲል የድርጊቱን አዛዥ ያመለክታል። በ«አስታመመ» ላይ ግን አስታማሚው ሕመም አምጪ ሳይሆን የሕመም ተካፋይ ሆኖ ይገኛል። ቋንቋው ታማሚንና አስታማሚን ከአንድ ሥር አብቅሏቸዋል። ድርሰቶቻችን ግን ቋንቋው ያየውን ገና በወጉ አላዩትም።

ሞት የሴራ መቋጫ ሲሆን

በልብ ወለዶቻችን፣ በመድረክ ተውኔቶቻችን፣ በሬዲዮና በቴሌቪዥን ድራማዎቻችን ውስጥ ሕመም ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ሴራውን ለመቋጨት ነው። ደራሲው ገጸ ባሕርያቱን የሚያደርግበት ሲያጣ፣ ወይም ይቅር የማይባባሉትን ለማስታረቅ ሲቸግረው፣ አንዱን አልጋ ላይ ይጥለዋል። ነጭ ካፖርት የለበሰ ሐኪም ከክፍሉ ወጥቶ ራሱን ይነቀንቃል፤ በሚቀጥለው ትዕይንት ድንኳን ተተክሎ እናያለን። በሐኪሙ ራስ መነቅነቅና በድንኳኑ መተከል መካከል ያሉት ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት፣ ባዶ ገጽ ሆነው ይቀራሉ። ባልና ሚስቱ የሚኖሩት ግን በእነዚያ ወራት ውስጥ ነው።

በ1958 ዓ.ም. የታተመው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በዚህ ረገድ ብዙ ተተርጉሟል፤ ብዙም በተሳሳተ መንገድ ተቀድቷል። በዛብህ በሽፍቶች ተወግቶ ሲወድቅና ሰብለ ወንጌል ስታገኘው አንባቢ የሚያለቅሰው ስለ ቁስሉ ብቻ አይደለም። ሁለቱን ያለያየውን የዘርና የማዕረግ አጥር በመጽሐፉ ሙሉ ሲቆጥር ስለ መጣ ነው። ሞቱ ደራሲው ለጠየቀው ማኅበራዊ ጥያቄ የተሰጠ መልስ ነው። ከእርሱ በኋላ የመጡ ብዙ ደራሲያን የወሰዱት የሞት አልጋውን ነው፤ ጥያቄውን ግን እዚያው ትተውታል። ስለዚህ በሥራዎቻቸው ውስጥ እንባ አለ፤ የእንባው ምክንያት ግን በውል አይታወቅም።

ሦስት ከተሞች፣ አንድ ሆስፒታል

ባዶ የቀረው ገጽ ምን ሊጻፍበት እንደሚችል ለማየት ከዋና ከተማው ዳርቻ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ሰበታ በጅማ መንገድ፣ ቡራዩ በአምቦ መንገድ፣ ሱሉልታ ከእንጦጦ ጀርባ በጎጃም መንገድ፣ ሦስቱም ከአዲስ አበባ ሠላሳ ኪሎ ሜትር በማይሞላ ርቀት ላይ ይገኛሉ። በ2015 ዓ.ም. በተቋቋመው የሸገር ከተማ ሥርም ተጠቃለዋል። አዲስ አበባ የገፈርሳን ውሃና የሱሉልታን ወተት ስትጠጣ ኖራለች። የእነዚህ ከተሞች ነዋሪ በበኩሉ ሕመም ሲጠናበት ወደ እርሷ ይወርዳል።

የሚወርደውም ወደ ጥቁር አንበሳ ነው። በአገራችን የጨረር ሕክምና እ.ኤ.አ. በ1997 በኮባልት መሣሪያ የተጀመረው በዚሁ ሆስፒታል ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ ሁለት ዐሥርት ዓመታት ለሚበልጥ ጊዜ ለመላው የኢትዮጵያ ሕዝብ የነበረው የጨረር ማዕከል ይኸው አንዱ ብቻ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2021 አዲሱ መሣሪያ ሥራ ሲጀምርና ጅማን የመሳሰሉ ሌሎች ማዕከላት ሲከተሉ ሸክሙ መቃለል ጀመረ። ከዚያ በፊት የጨረር ቀጠሮ በወራት፣ ሲብስም በዓመት ይቆጠር እንደነበር በየጊዜው ተዘግቧል። እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ የአዲስ አበባን ሕሙማን የሚመዘግበው የካንሰር መዝገብ እንደሚያሳየው በሴቶች ላይ ቀዳሚዎቹ የጡትና የማኅፀን በር ካንሰር ናቸው። ሐኪሞቻችን አዘውትረው እንደሚናገሩትም አብዛኞቹ ታማሚዎች የሚደርሱት ሕመሙ ከተሰራጨ በኋላ ነው።

እነዚህ ቁጥሮች ለደራሲ ምን ይፈይዳሉ? ብዙ ይፈይዳሉ። ቀጠሮው ከሕመሙ ዕድገት ይልቅ የሚረዝም ከሆነ፣ መጠበቅ ራሱ ውሳኔ ይሆናል። ወደ ግል ሕክምና መሄድ፣ ወደ ውጭ አገር መውጣት፣ ጸበል መግባት፣ ወይም ቤት መቀመጥ፣ እያንዳንዱ ሌላውን ጊዜ የሚበላ አማራጭ ነው። የጥንቶቹ ተውኔት ጸሐፊዎች በአማልክት ቁጣ የፈጠሩትን የጊዜ ጥበት ለእኛ ደራሲ የቀጠሮ ካርድ አዘጋጅቶለታል።

መንገር

የመጀመሪያው ውሳኔ የመንገር ውሳኔ ነው። በአገራችን ልማድ ክፉ ዜና ለብቻ አይነገርም። መርዶ በሽማግሌ፣ በማለዳ፣ ቤተ ዘመድ ተሰብስቦ ይነገራል፤ ይህም ሰው ከሐዘኑ ጋር ብቻውን እንዳይቀር የተደረገ ጥበብ ነው። ይኸው ጥበብ በካንሰር ፊት ይታወካል። ሐኪሙ ባልን ወይም የበኩር ልጅን ወደ ጎን ጠርቶ ይነግራል፤ ቤተ ዘመድ ያውቃል፤ ጎረቤት ይጠረጥራል፤ ታማሚዋ ብቻ «ጨጓራ ነው፤ ያልፋል» ትባላለች። የራሷ መርዶ የማይነገራት ሰው እርሷ ሆነች ማለት ነው። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚለው ተረታችን ደባቂው ታማሚው ነው ብሎ ይነሣል። ደባቂው አስታማሚው ሲሆን ምን እንደሚባል ተረቱ አልነገረንም፤ ደራሲ ሊነግረን ይገባው ነበር።

ሌሎች ሞክረውታል። ቶልስቶይ እ.ኤ.አ. በ1886 ባሳተመው «የኢቫን ኢሊች ሞት» ውስጥ ዳኛውን ከሥጋ ሕመሙ የበለጠ የሚያሠቃየው በዙሪያው ያሉት ሁሉ የሚዋሹት ውሸት ነው። ሚስቱ ስለ መድኃኒቱ ሰዓት ትጨነቃለች፤ ስለ ሞቱ ግን ከእርሱ ጋር አንዲት ቃል አትነጋገርም። የማይዋሸው ገበሬው አገልጋይ ጌራሲም ብቻ ነው። ልብ በሉ፤ ቶልስቶይ የበሽታውን ስም እስከ መጨረሻው አልጠቀሰም። ጃፓናዊው ኩሮሳዋ እ.ኤ.አ. በ1952 በሠራው «ኢኪሩ» በተባለው ፊልም ደግሞ ሐኪሙ የሆድ ካንሰር የያዘውን የመንግሥት ሹም ቀላል ቁስለት ነው ይለዋል። ሹሙ ግን ሐኪሞች ለማይድን ሰው ምን እንደሚሉ በመጠበቂያው ክፍል ከሌላ ታማሚ ሰምቶ ነበርና፣ ውሸቱን በሰማ ጊዜ እውነቱን ያውቃል። እ.ኤ.አ. በ2019 የታየው የሉሉ ዋንግ «ስንብት» የተባለ ፊልም ሕመሟን ከአያታቸው ደብቀው በሠርግ ሰበብ የተሰበሰቡ ቻይናውያን ቤተ ዘመዶችን ያሳያል። ፊልሙ ደባቂዎቹን አያወግዝም፤ ሸክሙን ስለ እርሷ እንሸከምላት ማለታቸውን በክብር ያቀርባል፤ ዋጋውንም አይሸሽግም።

እኛ ዘንድ ከእነዚህ ሁሉ የተለየ አንድ ነገር አለ፤ እርሱም የቋንቋ ጉዳይ ነው። ከሱሉልታ ገጠር የመጣች ሴት በቤቷ አፋን ኦሮሞ ትናገራለች እንበል። ሐኪሙ በእንግሊዝኛ የተማረውን በአማርኛ ይነግራል። በመካከል ቆሞ የሚያስተረጉመው ባልዋ ነው። ሐኪሙ «ተሰራጭቷል» ሲል ባል «ትንሽ ቆይቷል» ብሎ ቢተረጉም፣ በአንዲት ቃል የትዳሩን ሙሉ ዕጣ ወስኗል። ሚስት የአማርኛውን ቃል ፈጽሞ የማታውቅ ላትሆን ትችላለች፤ ገበያ የምትወርድ ሴት ናትና። ሰምታም እንዳልሰማች ብትሆንስ? እርሱ እርሷን ለመጠበቅ ይዋሻል፤ እርሷም እርሱን ለመጠበቅ የተታለለች ትመስላለች። ይህን ትዕይንት ለመጻፍ ሁለቱን ቋንቋዎች የሚያውቅ ደራሲ ይፈልጋል። እንዲህ ያለ ደራሲ በሰበታም በቡራዩም አይጠፋም፤ ሥራው ግን ገና አልደረሰንም።

መሸጥ

ሁለተኛው ውሳኔ የመሸጥ ነው። ድራማዎቻችን ገንዘብን የሚያውቁት እንደ ክፉ ሰው ምኞት ወይም እንደ ድሃ ጩኸት ነው። በታማሚ ቤት ግን ገንዘብ የፍቅር ቋንቋ ይሆናል። ላሟን መሸጥ፣ ዕቁብ ቀድሞ መውሰድ፣ ቦታውን ማስያዝ፣ በመጨረሻም ቤቱን ለገበያ ማቅረብ፣ እያንዳንዱ «እወድሃለሁ» ወይም «እወድሻለሁ» የማለት መንገድ ነው። አለመሸጥም እንዲሁ፤ «ልጆቹ ምን ላይ ይደሩ?» የሚል ታማሚ የመጨረሻውን ስጦታ እየሰጠ ይሆናል።

እዚህ ላይ የሕግን ነገር ማንሣት ተገቢ ነው። የቤተሰብ ሕጋችን የባልና የሚስት የጋራ የሆነ የማይንቀሳቀስ ንብረት ያለ ሁለቱ ስምምነት እንዳይሸጥ ያዛል። እንግዲህ ሕመሙ የተደበቀበት ባል፣ ለሕክምናው ሲባል በሚሸጠው ቤት ውል ላይ መፈረም ይኖርበታል ማለት ነው። ሚስት ብዕሩን ስታቀብለው ምን ትለዋለች? የመደበቅ ውሳኔና የመሸጥ ውሳኔ በአንድ ወረቀት ላይ ተጋጩ። ሕጉን ያወጡት ሰዎች ስለ ተውኔት ሳያስቡ ለደራሲ አንድ ሙሉ ገቢር አዘጋጅተውለታል።

ሌላም መራራ ጥያቄ አለ። ባል ሲታመም ቤት ለመሸጥ የሚስማሙ ዘመዶች፣ ሚስት ስትታመም «ለልጆቹ ይቅር» ይሉ ይሆን? የሴት ሕይወት በስንት ይተመናል? ደራሲያችን ስለ ሴት መብት ሲጽፍ ጠለፋንና ያለ ዕድሜ ጋብቻን ማንሣቱ የሚያስመሰግነው ነው። ነገር ግን በዳር ላይ ባለ ከተማ፣ በመልካም ትዳር ውስጥ፣ ማንም ድምፁን ሳያሰማ የሚፈጸመውን ይህን ሚዛን ማንሣት የበለጠ ድፍረት ይጠይቃል።

ማቆም

ሦስተኛውና ከሁሉ የከበደው የማቆም ውሳኔ ነው። ሐኪሙ «ከእንግዲህ ቤት ውሰዷት» ሲል፣ ወይም ታማሚዋ ራሷ «ኬሞው ይብቃኝ» ስትል፣ ቤተ ዘመድ የሚሰማው አንድ ቃል ነው፤ ተስፋ መቁረጥ። አማርኛ ግን ከዚያው «ቆረጠ» ከሚለው ግሥ ሌላም ቃል አውጥቷል፤ ቁርጥን ማወቅ። የመጀመሪያው ከሰው ጋር መጣላት ነው፤ ሁለተኛው ከእውነት ጋር መታረቅ። በሁለቱ መካከል ያለውን ርቀት ባልና ሚስት እንዴት እንደሚሄዱት ማሳየት የአንድ ትልቅ ልብ ወለድ ጭብጥ ሊሆን ይችላል።

ሶልዠኒትሲን በ«ካንሰር ዋርድ» ውስጥ፣ እርሱ ራሱ በታከመባት በታሽከንት ከተማ፣ ኮስቶግሎቶቭ የተባለውን ታማሚ ከሐኪሞቹ ጋር ያጣላዋል። ሐኪሟ ዶንትሶቫ ሕይወቱን ለማዳን ትፈልጋለች፤ እርሱ ደግሞ የሚድነው ምን ሆኖ ለመኖር እንደሆነ ማወቅ ይሻል። ደራሲው ግን ሐኪሟን ክፉ አላደረጋትም፤ እንዲያውም በመጨረሻ እርሷንም ታማሚ ያደርጋታል። በ1999 እ.ኤ.አ. የፑሊትዘር ሽልማት ያገኘችው የማርጋሬት ኤድሰን ተውኔት «ዊት» ደግሞ በማኅፀን እንቁልጢ ካንሰር አራተኛ ደረጃ ላይ ያለች የሥነ ጽሑፍ መምህርት ልቧ ሲቆም እንዳትቀሰቀስ በነርሷ ረዳትነት ስትወስን ታሳያለች። ኃይለኛ ተውኔት ናት። እንዳለች ብትተረጎም ግን የእኛን መድረክ አትመጥንም። መምህርቷ ብቻዋን ናት። እኛ ዘንድ ታማሚ ብቻውን አይወስንም፤ ደግሞም ብቻውን እንዲወስን አይተዉትም። የእኛ ተውኔት ችግር ብቸኝነት ሳይሆን የሰው ብዛት ነው፤ ባልና ሚስት ለመነጋገር ጠያቂው እስኪወጣ የሚጠብቁበት ቤት ነው።

ማቆም ማለት መተው እንዳልሆነ የሚመሰክሩ ተቋማት በአገራችን አሉ። ሆስፒስ ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2003 በአንዲት ነርስ ተመሥርቶ ታማሚውን በቤቱ እየጎበኘ ሥቃዩን ለማስታገስ ሲሠራ ቆይቷል። ልጃቸውን በደም ካንሰር ያጡ ባልና ሚስት እ.ኤ.አ. በ2004 ያቋቋሙት ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ ደግሞ የግል ሐዘን እንዴት ወደ ማኅበራዊ ሥራ እንደሚለወጥ አሳይቷል። የጸበልንም ጉዳይ ብናነሣ፣ በእንጦጦ ኮረብታ ማዶና ወዲህ ያሉ ጸበሎች ለነዚህ ሦስት ከተሞች ቅርብ ናቸው። ደራሲያን ጸበልንና መድኃኒትን እንደ ሁለት ጠላቶች አድርገው ማፋለም ይወዳሉ። ኑሮው ግን ከዚህ የረቀቀ ነው። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ የኤች አይ ቪ መድኃኒትና ጸበል አብረው ሊሄዱ እንደሚችሉ በይፋ ገልጸዋል። ብዙ ባልና ሚስትም ጠዋት ጸበል፣ ከቀትር በኋላ ቀጠሮ እያሉ ሁለቱን መንገድ አብረው ይሄዳሉ። ጠቡ ካለም በጸበልና በመድኃኒት መካከል ሳይሆን፣ በቀረው ጥቂት ጉልበት የትኛው መንገድ ይሄድበት በሚለው ላይ ነው።

ስሙን እንደ ስድብ

ድርሰቶቻችን ካንሰርን በሥጋ ሳያውቁት በዘይቤ ያውቁታል። ሙስና የአገር ነቀርሳ ነው፤ የተቃወመን ወገን ተቆርጦ የሚጣል ነቀርሳ ነው፤ ከመድረክ ንግግር እስከ ግጥም ይህ ዘይቤ ተለምዷል። ሱዛን ሶንታግ ራሷ በካንሰር ከታከመች በኋላ እ.ኤ.አ. በ1978 ባሳተመችው «ሕመም እንደ ዘይቤ» በተባለ ድርሰት ይህ ልማድ ታማሚውን እንደሚጎዳ አመልክታለች። እኛም ልናጤነው ይገባል። የሕመሙ ስም ሁልጊዜ ከመቁረጥ፣ ከማቃጠልና ከማጥፋት ጋር ሲጠራ የሰማች የቡራዩ ሴት፣ ስሙን ከሐኪም አፍ ስትሰማ ምን ይሰማታል? ባልስ ስሙን ሊያወጣው ቢቸግረው ይፈረድበታል? የመደበቁ ልማድ ከባህል ብቻ የመጣ አይደለም፤ የእኛም ብዕር አስተዋጽኦ አለበት።

ሰበካ ወይስ ድርሰት

በመጨረሻ አንድ ተቃውሞ እንመልስ። ኪነ ጥበብን የጤና ትምህርት አገልጋይ ልናደርገው ነውን? እ.ኤ.አ. ከ2002 እስከ 2004 በአማርኛ የተላለፈው «የቀን ቅኝት» እና በአፋን ኦሮሞ የተላለፈው «ዲምቢባ» የሬዲዮ ድራማዎች፣ በየቤቱ በሹክሹክታ ይነገር የነበረውን ኤች አይ ቪን በግልጽ አስነግረው፣ በሺህ የሚቆጠሩ የአድማጭ ደብዳቤዎችን አስገኝተዋል። ውለታቸው ሊዘነጋ አይገባም። ነገር ግን እነዚያ ድራማዎች የሚያደርሱት የታወቀ መልእክት ነበራቸው፤ ተጠንቀቅ፣ ተመርመር፣ ታማሚውን አታግል የሚል።

ሥር በሰደደ ካንሰር ፊት ለቆሙ ባልና ሚስት ግን እንዲህ ያለ አንድ መልእክት የለም። ቤቱን መሸጥ ለአንዱ ትዳር ትክክል፣ ለሌላው ጥፋት ሊሆን ይችላል። አንዷ ሕመሟን ማወቋ ሲያበረታት፣ ሌላዋን ሊያደክማት ይችላል። ፖስተር «ቅድመ ምርመራ አድርጉ» ሊል ይችላል፤ ማለትም አለበት። ምርመራው ዘግይቶ ከመጣ በኋላ ግን ፖስተሩ ዝም ይላል። ድርሰት መናገር የሚጀምረው ፖስተሩ ዝም ባለበት ቦታ ነው። ስለዚህ ጥያቄው ኪነ ጥበብን ወደ ሰበካ ማውረድ አይደለም፤ ሰበካ የማይደርስበትን ሥራ ለባለቤቱ መመለስ ነው።

ይህን ስንል ከደራሲያን የምንጠብቀው ግልጽ ነው። የሐኪሙን ራስ መነቅነቅ የትዕይንቱ መጨረሻ ሳይሆን መጀመሪያ ያድርጉት። አስታማሚውን ከአልጋው ራስጌ ቆሞ ከሚያለቅስ ጥላነት አውጥተው ገጸ ባሕርይ ያድርጉት፤ ይድከመው፣ ይቆጣ፣ ቀጠሮ ይርሳ፣ በድካሙም ይፈር። ታማሚዋ ፍላጎት ይኑራት፤ የማትፈልገውንም ትበል። መራሕያነ ተውኔትም ለሁለት ሰዎች ጸጥ ያለ ንግግር መድረክ ይስጡ። መጽሔቶችና የቴአትር ቤቶች በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ የሚጽፉ ደራሲያንን በአንድነት ቢጋብዙ፣ ከሰበታ፣ ከቡራዩና ከሱሉልታ የሚነሣው የማለዳ ታክሲ ውስጥ የሐኪም ቤት ወረቀቱን በፌስታል ጠቅልለው ጎን ለጎን የሚቀመጡት ባልና ሚስት፣ በድርሰታችን ውስጥም ቦታ ያገኛሉ።